ድርብ ሰረዝ

ከሌሊቱ ስምንት፣ ከዚራ ሲተኛ፣
ሙቀቱ ብቻ ነው የተረኛው ጓደኛ፤
ሙቀቱና ይሄ የሚያቃስት ሣጥን፣
በሆዱ ያዘለ የክሊኒኩን ቀን።
ነገ ከመልካ ጀብዱ እናቶች ሲመጡ፣
"ተራዬ ስንት ነው?" ሲሉ፣ በሩን ካጡ
ምን ልላቸው ነው?

የነካሁት እኮ አንዲት መስመር ናት።
ያረጀውን ሰርተፊኬት ሽሬ አዲሱን ሾምኩባት፤
ሳልፈትን፣ ቢስሚላ ሳልል፣ "ተነስ" አልኩት ሰርቨሩን።
አቦ፣ ጭራሽ ተኛ። ያውም ጥቅልል ብሎ።

ፈቃዱን አየሁ፣ ባለቤቱን፣ ማውጫውን፤
አራት መቶ አርባ ሦስት፣ ማንም አልያዘውም በሩን።
መዝገቡ "ሃያ ሰባት" ይላል፣ ደግሞ "ሃያ ሰባት"፣
እንደ ሳቢያን ታክሲ ረዳት።
ሃያ ሰባትን ፊደል በፊደል መረመርኩት፤
ንጹሕ ነው። በከንቱ ነው የጠረጠርኩት።

ኢፍቱን ቀሰቀስኳት በስልክ። እያዛጋች፣
"ወሪያ፣ ቅድም ለማን ስትጽፍ ነበር?" አለች።

ለሰዓዳ።
በአማርኛ።
ኪቦርዱን ሳልመልሰው!
ያጠፋው ሃያ ስድስት፣ ጎረቤቱ ነው የተከሰሰው።
ጫፉ ላይ የኛዋ ድርብ ሰረዝ እንደ እንግዳ
ቁጭ ብላለች፤ ለደከመ ዓይን መንታ፣ ለማሽኑ ባዳ።
የእሱ ምልክት "አበቃ፣ ፈጽም" ማለት ነው፤
የኛዋ ግን "ቆይ፣ ገና ነው"።

ቀየርኳት። ይኸው አሁን ፈተንኩ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት።
ተነሳ።
ከደቻቱ በኩል ነፋስ ብጤ ገባ።
በሌላው መስኮት ጥግ፣ ለሰዓዳ ያልላክኩት መልእክት፦
ዛሬም አመሸሁብሽ፤