የሄልቪ ባልዲ

እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ታቬቲ እባላለሁ።
በአጥሩ በዚህ በኩል ድንች እተክላለሁ።
እተክል ነበረ፣
ያቺ ቅጠል ሾልካ፣ ከሰሜን ግድግዳ፣
ከኢርመሊ ግቢ፣ ከሐይቁ ዳር ሜዳ፣
ሳትጠራ እስክትመጣ እንደ ማታ እንግዳ።

ስሟ በሰፈራችን የፍየል መቃ ነው፤
የኢርመሊዋ ግን ጠርዟ ነጭ ጥለት ነው፣
ላያት ሰው ሙሽራ፣ ለዳሰሳት የዋህ።
"ለሪህ ፈውስ ናት" አሉ መነኮሳት ድሮ፤
እሷን ሳርም ጎንብሼ ሪህ ያዘኝ ዘንድሮ።

ኢርመሊ ስትዳር፣
ሰኔ ላይ፣ ፀሐይዋ መጥለቅ የረሳች ለት፣
የኦይቫ እናት ሄልቪ ባልዲ ይዛ መጣች፤
ከአፉ ሞልቶ የሚፈስ ቅጠል ነበረበት።
አንድ ነገር አለች በሙሽሪት ጆሮ፤
አኮርዲዮኑ ጮኾ፣ ሰዉ ጠጥቶ ሰክሮ፣
አልሰማሁም እኔ።
ባልዲው ከማገዶው ጎን፣ ጥላ ስር ተቀመጠ፤
ሠርጉም አለቀ፣ ዝናብም ዘነበ።

በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሏ ተኛች፤
በሁለተኛው ዓመት እግሯን ዘረጋች፤
በሦስተኛው በጋ
ከድንጋዩ መንገድ ስር ስሩን ተሳብላ፣
ከሳውናው ደረጃ ስንጥቅ ብቅ ብላ፣
ጽጌረዳውን አንቃ፣ ሽንኩርቱን ከልላ፣
ያን ነጭ ጥለቷንም በየመንገዱ ጥላ፣
አረንጓዴ ብቻ። ረሃብ ብቻ። እሷ።

ኢርመሊ ተናዳ ዶማ ይዛ ወጣች።
የጥፍር ያህል ቁራጭ አፈር ውስጥ ብትቀር፣
በሳምንቱ ጃንጥላ ዘርግታ ልትኖር!
"ዶማውን ተይው" አልኳት፤ "መንሼን ውሰጂ፤
አፈሩን ፈንቅዪ፣ ሥሯን ግን አትቁረጪ፣
እንደተቋጠረ ክር ቀስ እያልሽ አውጪ።
ሳታብብ እጨጂያት። የቀረውን ሸፍኝ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ብርሃን አታሳዪያት።"

ኦይቫ ከሞተ ማንም ያልረገጠውን
የሠርጓን ምንጣፍ ነው አውጥታ ያለበሰቻት።

በረዶው ሲሟሟ ምንጣፉን ገለጥን፤
ነጫጭ፣ ቀጫጭን ጣቶች፣
ደም የሌላቸው፣
በጨለማ ውስጥ በር የሚዳስሱ።
"ሄልቪን ነው የምትመስል" አለች ኢርመሊ፤
"ልጇን ስለወሰድኩ መሬቴን ወሰደች፤
ስጦታ ነው ብላ እርግማን ተከለች።"
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሰማሁ፤
እኔም፣ ድንቼን ያጣሁት፣ "አሜን" እያልኩ ኖርኩ።

ዘንድሮ፣ ግንቦት ላይ፣
ከግድግዳው ጥግ ስንፈነቅል አፈር፣
መንሹ ብረት ነካ፣ ቀጭ አለ የሆነ ነገር።
ባልዲው! እጀታውን ይዤ ወደ ላይ ብስበው
ቀለለኝ። አነሣሁት። ቂጡ ግን አልመጣም።
ዝገት በልቶታል።
ከላይ እንደ ባልዲ፣ ከታች እንደ መስኮት፤
በመስኮቱ በኩል ኢርመሊን አየኋት።
ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች።
"'ከባልዲው አታውጪያት' ነበር ያለችኝ" አለች፤
"እኔም... አላወጣኋትም።"

ሌላ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኋት።
ዝገቱን ከጣቴ በሱሪዬ ጠረግሁት።

ከሰዓት በኋላ ቅርጫት ይዛ ወጣች፤
ለጋ ለጋውን፣ ገና እንደተጣጠፈ፣
የሚያብረቀርቀውን ቀጥፋ ሾርባ ሠራች፣
ሄልቪ ትሠራው እንደነበር፣ በቅቤና በድንች
(ድንቹ የሱቅ ነበር፤ እያየችኝ ሳቀች)።
ጣዕሙ እንደ ካሮት፣ ትንሽ እንደ ብረት።
ሦስተኛ ሳህን አስቀምጣ ነበር፤
ማንም አልነካውም፤ ማንም አላነሣው።

መሸ፣ መሸ ከተባለ በዚያ ብርሃን።
መንሼን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ስገባ፣
በአጥሩ በዚህ በኩል፣ በእኔ መደብ መሃል፣
አንዲት ቅጠል ቆማለች ብቻዋን፣
ጥለቷን ያልጣለች፣ ጠርዟ ነጭ የሆነች።
መንሹን አፈሩ ላይ አስደገፍኩት፤
ጠጋ ብዬ አየኋት።

ነገ አልኩ።
ነገ።