በሩን ክፈት፣ ይርዳው

በሩን ክፈት፣ ይርዳው፤ ቶሎ አትግባ፣ ቁም፤
የላስቲክ ቤት ትንፋሽ ካላስወጡት አይወጣም።
መጋረጃውን ጠቅልል፣ ከግራም ከቀኝም፣
ይናፈስ ጥቂት፤ በርበሬው የትም አይሄድም።

እኔም እንዳንተው ነበርሁ በመጀመሪያው ክረምት፣
ምን ይነግሩኛል ያልሁ፣ ያረስሁ ከልጅነት።
በወገራ ማሳ ላይ ፍጉን ስንበትን በቅርጫት፣
ግማሹን ነፋስ ወስዶት፣ ግማሹን ዝናብ አጥቦት፣
ማን ሰፍሮት ያውቃል? ሰማይ ነበር ጣሪያው፤
ሽታው ሽቅብ ይሄዳል፣ የሚይዘው የለው።
ኦፋቂም ግን ጣሪያው ላስቲክ፣ ግድግዳውም ላስቲክ ነው፤
የተነፈስኸው ሁሉ ዞሮ ይመለሳል ላንተው።

የዶሮ ኩስ፣ ትኩሱን፣ ሦስት ሙሉ ጆንያ፣
ከሞሻቩ አመጣሁ፤ ነጻ ነው፣ የለው ገበያ።
ለበርበሬው እፍኝ ሲበቃው ከመርሁለት ባካፋ፤
ውርጭ እንዳይነካው ብዬ፣ ሐሙስ ማታ ስለፋ
ስንጥቁን ሁሉ ወተፍሁ በስፖንጅ፣ ባሮጌ ሶፋ።
ዓርብ አልከፈትሁትም፤ ሰንበትም መሃል ገባ፤
እሑድ ጧት ስከፍተው ዓይኔን ሞላው እንባ።

ሐዘን አይደለም፣ ይርዳው፤ አሞኒያ ነው የሚሉት፣
ጉሮሮ ይዞ የሚያንቅ፣ ዓይን የሚወጋ እንደ ስለት።
የቅጠሉ ጠርዝ ሁሉ፣ እሳት የላሰው ወረቀት።
መቶ ሃያ ችግኝ ነው። ቆጠርሁት ደግሜ፣ እንዳልሳሳት።

ትርንጎ መጣች፤ አፍንጫዋን በነጠላ ይዛ፣
ከላስቲኩ እየወረደ ጠጉሯ ላይ ጤዛ።
ዳር ዳሩን ዞራ አየች። «ጉርሻም እኮ ሲበዛ
ያንቃል» ብላ ወጣች።
                        ሌላ ቃል የለም።

ኦስናት፣ ባለሙያዋ፣ በዕብራይስጥ ስትቆጣኝ፣
ግማሹ ሸሸኝ፤ ግማሹ ጣቷን አይቼ ገባኝ፦
ፍጉ ይብሰል፣ ይብረድ፣ ጥቁር አፈር እስኪሆን፤
ከግንዱ ስንዝር ይራቅ፤ አትርሳ ሚዛኑን፤
ውሃ ይከተለው። ነጩንም፣ ያን ስኳር የመሰለውን፣
(ይህን ሁለቴ ነው ያለችኝ) ልጅ የማይደርስበት ስቀለው፣ ጆንያውን፤
በባዶ እጅ ነክተኸው እንዳታሽ ዓይንህን።

አንዲት ተረፈች፣ ይርዳው። ጥግ ላይ ያለችው ቀጫጫ፤
አይጥ በስታላት ኖሮ ላስቲኩን፣ ለነፋስ መውጫ።
እኔ ያን ሁሉ ስወትፍ ያቺን ሳላያት ቀርቼ!
ስንት ዓመት ሆነ፤ አልደፈንኋትም፣ ፈርቼ።
ይኸው፣ መዳፍህን አስጠጋ። ቀዝቀዝ ያለው፣ እሱ ነው።

በል ግባ እንግዲህ።
ጓንትህን ግን አድርግ።