የጳጉሜ ሒሳብ

ጉሙ ጠባሴ ላይ ተኝቷል፤
ማን ይቀሰቅሰዋል? ማንስ ደመወዙን ይቆርጥበታል?
እኛ ግን ነቅተን ቆመናል፣
ደብረ ብርሃን ገና በሯን ሳትከፍት፣
አውራ ጣታችንን በትንፋሽ እያሞቅን፣
ግንቡ ላይ የተለጠፈች አንዲት መስታወት
በፈረንጅ አፍ አመስግና እስክታስገባን።

ማሽኗ ሰባት ሰዓት ስትል፣ እኛ አንድ ሰዓት እንላለን፤
ስድስት ሰዓት ከመሃል ወድቆ፣ በየጠዋቱ ተራምደነው እናልፋለን።
የጠፋ ቦርሳ ቢሆን ለዘበኛው እሰጥ ነበር፤
ሰዓት ግን ባለቤቱን ጠርቶ አይናገር።

ሥራዬ ግራ እጅጌ ነው።
በቀን አራት መቶ ግራ እጅጌ።
ቀኙን የምትሰፋው ደብሪቱ ናት፣ ከመስመሩ ግርጌ።
ሙሉውን ሸሚዝ ለብሶት ያየ የለም ከመሃላችን፤
ሰባ ሁለት ሰከንድ ለአንዱ፤ እሱ ነው ስማችን።
«ቅጥር ነው» ሲሉኝ ከአንጎለላ መጣሁ፣ ፌስታሌን ይዤ፤
አንዲት ፊደል ተጣማ «ቁጥር» ሆኜ ቀረሁ፣ በገዛ ጣቴ ተይዤ።

አባቴ ሸዋቀና ሰዓት አላሰረም፤ ቀን ግን ያበድር ነበር፤
ዛሬ ለእነ አስፋልኝ ገብስ ያጭዳል፣
በሳምንቱ ያ ቀን፣ ራሱ፣ ማጭዱን ይዞ
እኛ ማሳ ላይ ያድር ነበር።
ወንፈል ነው፤ ቀን በቀን ይመለሳል፤
ወለድ አያውቅ፤ ቢዘንብ፣ ለነገ ይባላል።
ደግ ዘመን ነበር አልልም፤ ሐምሌ ጎተራውን ሲጠርገው
ቀኑ ረዝሞ ረዝሞ፣ አልነበረም የሚያሳጥረው።
ቢሆንም ስም ነበረው፦ ሚካኤል፣ በዓታ፣ ባለወልድ፤
እዚህ ስሙ «ኤ ሺፍት» ነው፤ አባት የለው፣ ወይ ወልድ።

ነሐሴ ሠላሳ ደመወዝ ገባ፤ ስልኬ አንዴ ጮኸች፣ ዝም አለች።
በማግስቱ ተሰለፍን፤ ማሽኗ ጣታችንን እንደ ወትሮው ተቀበለች።
ሒሳብ ክፍል ሄድኩ፦
«አቶ ቀጸላ፣ የነዚህ አምስት ቀንስ?»
እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ሳቀ፦
«እታፈራሁ፣ ደመወዝ በወር ነው፤
ጳጉሜ ወር አይደለችም፤ የዓመቱ ምርቃት ነው።»

ምርቃት።
ገበያ ላይ የሚመርቅ ሻጭ ነው፤ እውነቱን ነው፣ ሻጯ እኔ ነኝ፤
ሁለት ሺህ ግራ እጅጌ መርቄ፣ ማንም «እሰይ» ያላለኝ።

ማታ ደብሪቱ የሸሚዙን ዋጋ በስልኳ ፈልጋ አየች፤
አላነበበችልኝም፤ ስልኩን ደፍታ ተኛች።
እኔ በጨለማ ቆጠርኩ፦
የቀን ደመወዜን አራት ሰዓት ሳይሞላ ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤
ከዚያ እስከ መውጫ ደወል፣ በየቀኑ፣ ጳጉሜ ላይ ነኝ ያለሁ፤
መስከረምም ጳጉሜ አላት፣ ጥርም፣ ግንቦትም፤
ካሌንደር ላይ ግን አትታተምም።

በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣
ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው መብራት ጠፋ።
መርፌዎቹ ጨርቅ እንደነከሱ ቆሙ፤
የመስታወቷም ቀይ ዓይን ጠፋ።
ጄኔሬተሩ አስነጠሰ፣ አልነሳም አለ።
ወጣን። ማንም ውጡ አላለ።
ደብሪቱ ሻሿን ፈታች፤
አንዲት የመንዝ ልጅ ጫማዋን አወለቀች፤
ቀጸላ ራሱ ከመስኮቱ እጁን ዘርግቶ
ውሃውን በመዳፉ ያዘው፣ እስክሪብቶውን ረስቶ።
ምን ያህል ቆየን? አላውቅም።
ከዓመቱ ሁሉ የቀረኝ ይህ «አላውቅም» ነው፤
እሱን ለማንም አልመርቅም።

መብራት መጣ። ተቆጣጣሪው መርዕድ እጁን አየ፦
«አርባ ደቂቃ። እሁድ ይካካሳል።»
ጣቴን መስታወቷ ላይ አኖርኩ፤
በዝናብ ተጨማዷል፣ መስመሩ ጠፍቷል።
አላወቀችኝም።
ድገሚ አለችኝ፤ ደገምኩ፤ አሁንም አላወቀችኝም።
ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ፤
«ጣትሽን ጥረጊው እንጂ!» አለ መርዕድ፣ ቆጣ ብሎ፤
ቀሚሴ ደረቅ አልነበረም፤ ቢሆንም አልጠረግሁትም።