አራተኛው ወንበር

ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣ መስኮቱን አላበው፤
የሚበላው ሦስት ነው፣ አራት ነን ያለነው።
ለሙሄ ሦስት ጠጠር ብቻ ነው የቀረው፣
ዙር በዞረ ቁጥር መደብ የሚሸርፈው።

«በሙሉ!» አለ እንድሪስ፣ ክምሩን ጠቅልሎ፣
የሰኞ ገበያ ዓይኑን ደረቴ ላይ ተክሎ።

ጥንድ ንግሥት ይዣለሁ።
ማምሻ ላይ ቢመጡልኝ ዘልዬ እገባለሁ፤
አሁን ግን ሂሳቡ ካርታው ላይ አይደለም፤
እሱ ሳይወድቅ በፊት እኔ ልውደቅ? የለም።

ሁለቱን ንግሥቶች በፊታቸው ደፋሁ፣
ትንፋሼን ዋጥኩና ወንበሬን ገፋሁ።

ሁለት ዙር አልቆየ፣ ሙሄ ኮቱን አነሳ፤
ሁሉን ተሰናብቶ እኔን ብቻ ረሳ።

ብሬን ቆጥሬ ወጣሁ፤ ጉሙ ደርሷል ከበር።
እንድሪስ ግን... እንድሪስ
ምን ይዞ ነበር?