መዝጊያ የሌለው ደብዳቤ

ቢቸና ከፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ማዶ ባለው፣
አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ በያዘው
በቆርቆሮ ክፍሌ ፊደል እለቅማለሁ፤
የሰው ቃል ተቀብዬ ህዳግ እሰጣለሁ።

ቀን በስተቀኝ ይውላል፣ ቁጥርም አብሮት አድሮ፣
ከዚያ «ለ»፣ ከዚያ «ጉዳዩ»፣ ከሥሩ ተሰምሮ፤
ሐተታው ጫፍና ጫፉ እኩል ተስተካክሎ፣
ክስም ቢሆን ይዘጋል «ከሰላምታ ጋር» ብሎ።

ፕሮግራሙ እልኸኛ ነው። ያሠለጠነኝ የማርቆስ ልጅ፣
«ደብዳቤ ከፍተህ ካልዘጋህ፣ ወረቀት አይወጣም» አለኝ፣
«ቀይ መስመር እንጅ።»

ውባለም አምና መጥታ፣ በወንድሟ በጫኔ ላይ፣
ሁለት ቃዳ መሬት ብላ፣ «ጉዳዩ» ብዬ ከላይ፣
«ሁከት ይወገድልኝ» ጻፍሁላት፤ ሦስት ገጽ ሞላ።
ዳኛ ፈረደላት፤ ጫኔ ፓዌ ወረደ፣ ደጁን ዘግቶ ኋላ።

ዘንድሮ በመስከረም፣ ጭቃው ሳይደርቅ ከደጄ፣
ዝም ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጥላ ከእጄ።
«የአምናውን ክፈት» አለችኝ፤ ስማቸው እንደተፋጠጠ አለ።
«ተከሳሽ የሚለው ይጥፋ።» አጠፋሁት፤ ገጹም ቀለለ።
«ጉዳዩስ?» ብላት ጊዜ፣ «ወንድም ጉዳይ ይባላል?» አለችና
ጉሮሮዋን ጠረገች። ጀመርን እንደገና።

«ጫኔ፣ ከሁለቱ ቃዳ አንዱ ጦም አደረ፤
በሬው እምቢ አላለኝም፤ እጄ ነው የቀረ።
ድንበሩ ላይ ያለው ዋንዛ አፈራ፤ ወፍ ይብላው፤ ማን ይብላው፤
አንተ ብትኖር…» ቆመች።
ጠቋሚው ብልጭ ጥፍት እያለ፣ ቃል አጣ የሚሞላው።

«ልዝጋው?» አልኋት፣ «ሰላምታውን ከግርጌው ላስገባ?»
«ገና ነው፤ አልጨረስሁም።» ተቀመጥን፤ ሰባት ሰዓት ገባ።
«እንዲሁ አትመው፤ አትዝጋው።»
ማሽኑ ግን አይሰማ፤ ቀዩን አወጣብኝ።
መክፈቻና መዝጊያ ጽፌ፣ መሐሉን ባዶ ተውሁት፤
አንዲት ቃል ሳልጨምር ማሽኑን አታለልሁት።
ከነጩ ቦታ በታች አውራ ጣቷን አተመች፤
ወረቀቱን አራት አጥፋ ወደ መናኸሪያ ሄደች።

በሥራ ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» የምንለው አለ፣
ለእነ እገሌም ይድረስ ተብሎ። የሷ ያለዚያ ዋለ።

ለገና ያው ወረቀት መጣ፣ በእጥፋቱ ተበልቶ፤
ጫኔ ግልባጩ ላይ ጽፏል፣ በእስክሪብቶ፣ ህዳጉን ሞልቶ።
ቀን የለው፣ ቁጥር የለው፤ መስመሩ እንደ ወይፈን እርሻ ያዘመመ፤
ማብቂያው ላይ አንድ ቃል ጀምሮ፣ ሳይዘጋው ቆመ።

ላስተካክለው አላልሁም።
ወንበሯን ሳበች፤ መብራት ሄዶ ነበር፤ እስኪመጣ ጠበቅን።
መክፈቻ አላሻንም፤
ካቆመበት ጀመርን።