በአጥሩ በር የተሰጠ ቃል

ማክሰኞ ነው፤ የገበያ ቀን። ቢሮዬ ከሥጋ ቤት በላይ፤
መጋዝ አጥንት ሲበላ ይሰማል፣ ዝናብ ያፏጫል መስኮቱ ላይ።
ኢድዋል ገባ ከነቦት ጫማው፣ ኔስታ ሚስቱ ከኋላው፣
ጌራይንት ልጁ በሩ ጋ ቆመ፤ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞላው።
ማሬድ ከስዋንዚ ደረሰች፣ ቁልፍ በጣቷ እያሾረች፣
የወንድሟን ጉንጭ ልትስም ሄዳ፣ እጅጌውን ነካ አርጋ ቀረች።

አዛውንቱ የብስኩት ጣሳ ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተ፤
ካርታ አወጣ፣ የአያቱን፣ እጥፋቱ ላይ የሻገተ፤
የበግ ክትባት ደረሰኝ፣ ጊዜው ያለፈ የትራክተር ዋስትና።
«ኑዛዜስ?» አልኩት።
«ምን ያደርጋል? ቃሌን ሰጥቻለሁና።»

ቃሉን እኔም አውቀዋለሁ፤ በዚህ በዌልስ ሸለቆ ሁሉ ይባላል፤
አባት የአጥር በር ተደግፎ፣ በበትሩ ኮረብታ ያሳያል፤
ልጅ አሥራ ሰባት ሲሆነው፣ ጢሙ ገና ሳይበቅል፣
«አንድ ቀን ይህ ሁሉ ያንተ ነው። በል ያን ጠቦት ተከተል።»
ጌራይንትም ተከተለ። ሠላሳ አራት ክረምት፣ ያለ ደመወዝ፣
አርብ አርብ ከአባቱ ኪስ ጥቂት ፓውንድ ሲመዘዝ።

በቃል ያለ ይረሳል ይላሉ።
አይረሳም። ክፋቱም ይኸው ነው።
በቃል ያለ ጭንቅላት ውስጥ ይወልዳል፣
እንደ ባለጌ በግ አጥር ዘሎ የጎረቤት ሣር ይበላል፤
አባት የተናገረው ሌላ፣ ልጅ የሰማው ሌላ ይሆናል።

ስለዚህ ጠየቅሁ፤ ሥራዬ ነው፤ እንደ ጥርስ ነቃይ፦
ነገ ብትሞትስ? ሳትሞት የገዛ ስምህ ቢጠፋብህስ?
የጌራይንት ትዳር ቢፈርስስ? ግብሩን ማን ይከፍላል?
መሬቱ ለሁለት ቢከፈል፣ ግማሽ እርሻ ማንን ያበላል?
ሳይከፈል ቢቀርስ፣ ማሬድ ምን ይዛ ትወጣለች?
(የራሴ ኑዛዜ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ባዶ። ስድስት ዓመቱ።)

ኢድዋል ጣሪያውን አየ። ከታች መጋዙ ዝም አለ።
«ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ አባዬ» ጌራይንት ነው እንዲህ ያለ፤
«ባንክ ስሄድ ስሜን ይጠይቁኛል፤
የምሰጣቸው ያንተን ነው።»

«እኔ መሬት አልፈልግም» አለች ማሬድ። ጥቂት ቆይታም፦
«ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ግን፣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ያኔ ነው ኔስታን ያየኋት። እስክሪብቶዬ ወደ እሷ ዞረ።
«እርስዎስ?» አልኩ። የልቧን እስከዛሬ የጠየቃት ማን ነበረ?
ቦርሳዋን ከፈተች ዝግ ብላ፤ መነጽር፣ መሐረብ፣ ከረሜላ፣
ከሥሩም አንዲት ወረቀት፣ በላስቲክ ተጠቅልላ።
«ምንጩ ያለበት ማሳ፣ አራት ኤከር፤ በእንቁላል ገንዘቤ የገዛሁት፣
እናትህ ስትስቅብኝ፣ ኢድዋል፣ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቀምኩት።
በእኔ ስም ነው።»

ኢድዋል አፉን ከፈተ፤ ዘጋው።
አርባ ስድስት ዓመት ከዚያ ምንጭ ጠጥቷል፤
የበጎቹ ገንዳ፣ የሻዩ ውኃ፣ ሁሉም ከዚያ ይቀዳል፤
የማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ መች ጠይቋል?

«ለማሬድ ይሁን» አለች፤ «ውኃውን ግን ወንድሟ አይከልከል።
ጻፊው፣ የኔ ልጅ፤ በር ላይ ማውራት ይብቃ፤ ወረቀት ላይ ይተከል።
ለእኔ ያቺን የወጥ ቤት መስኮት። እስክሞት። ማንም አይጋርዳት።»

ስለ መስኮት አንቀጽ ጽፌ አላውቅም።
ጻፍኩት።

ያን ቀን ማንም አልፈረመም። ጌራይንት ሰዓቱን ያያል፤
ምጥ የያዛት በግ አለች፤ ሕግ ይጠብቃል፣ ምጥ የት ይቆያል?
መዝገቤ ላይ «ቀጣይ ቀጠሮ፣ በጎቹ ወልደው ሲያበቁ» አልኩ።
ማሬድ መኪናዋን አቁማ ትታ ከእነሱ ጋር ስትገባ በመስኮት አየሁ።

ምንጣፌ ላይ ከኢድዋል ጫማ የረገፈ አንድ ጓል፣
እርጥብ፣ የሣር ሥር ያለበት፣ በየትኛው ካርታ ይገኛል?
ማታ ጽዳቷ መጣች፤ መጥረጊያዋን አስደግፋ፣
«ይሄን ልጣለው?» አለችኝ።
«ቆይ» አልኳት፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ።