ማተቧን ያላሰረች

ጥቅምት ነው። ተምጫ ጎርፉን ረስቷል፣
ደለሉን አራግፎ ድንጋዩን አጥቧል።
እኔ ድልድዩ ስር በደረቴ ተኝቼ፣
የተዋስኩትን መነጽር ዓይኔ ላይ ሰክቼ፣
አንዲት ወፍ እሻለሁ።

ስም አላጣችም እሷስ፦
አባቴ ጨረባ ይላታል፣ ቄሱ ጎረቤታችን ዋኖስ፤
ስሙ ሁለት ሆኖ እንኳ ከወፏ ላይ አይደርስ።
የያዝኩት መጽሐፍ ደግሞ ስድስት ሥዕል ደርድሯል፣
ስድስቱም ጀርባው ጠቁሯል፣ ስድስቱም ጭራው ተሰንጥቋል።

ግንባሯስ ቀይ ነው፣ ይሁን። ጉሮሮዋስ?
ደረቷ ላይ የዞረው ያ ጥቁር መቀነት
ዳር እስከ ዳር ገጥሟል? ወይስ መሃሉ ክፍት?
ጥያቄው ይኸው ነው።
ወፏ ግን ከዓይን ጥቅሻ ቀድማ፣
በአንዱ ቅስት ገብታ በሌላው ወጥታ፣
ውሃውን በደረቷ ልሳ፣ ሽቅብ ተወርውራ፣
«ቆይ» ሳልል የለችም።
አንዴ ግንባር አየሁ። አንዴ ጭራ። አንዴ ጥላ።
ገጣጥሜ ወፍ ልሠራ ብል፣ የሦስት ወፍ ገላ።

የድልድዩ ዘበኛ ከላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆየ፤
ስሙም እንየው ነው፣ ስም ያወጣለት ሰው ምን አየ?
ጠመንጃውን አንግቶ ቁልቁል ወረደና
አጠገቤ ቁጢጥ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፦
«ስትበር አትያት፤ ስትበር የማንም ናት።
መስቀል ሲያልፍ የመጣችው የሰው አገር ናት፣ እንግዳ፣
ጭቃ አትነካም፣ ቤት አትሠራም፣ ትሄዳለች ማልዳ።
የኛይቱ ግንበኛ ናት።
ከብት ከሚጠጣበት፣ ከጭቃው ዳር ጠብቃት።»

ጠበቅን።
ፀሐይ ቅስቱን አልፋ ጀርባዬን ለበለበች፣
በቆሎ የጫነች አይሱዙ ድልድዩን አንቀጠቀጠች፣
ከዚያ ወረደች።
ከበሬ ኮቴ ፈለግ ጭቃ በአፏ ስትቆርስ
ትንፋሼን ያዝኩ፣ መስተዋቱ ጉም እንዳይለብስ።
ግንባር፦ የሸክላ ቀይ። ጉሮሮ፦ አሬራ የመሰለ።
መቀነቱ... መሃል ላይ የለም፣ ግራና ቀኝ ብቻ አለ።

«ማተቧ ተበጥሷል» አልኩት እየጻፍኩ።
እንየው ዝቅ ብሎ፣ ያለ መነጽር አያት፦
«አልተበጠሰም። ገና አላሰሩላት።»

መጽሐፉ ላይ ስም አላት፤ ረጅም፣ የላቲን፣ ያገሬን ስም የያዘ።
እርሳሴ እዚያ ደርሶ ተያዘ፦
ጭራዋ አጠረብኝ፤ የዘንድሮ ጫጩት ብትሆንስ?
ጽፌው፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አኖርኩ፣
ከሥሩ ደግሞ፦ ተምጫ፣ ረፋድ፣ ከእንየው ጋር።
ማተቧን ገና ያላሰረች።

እሷ ጭቃዋን ይዛ ቅስቱ ስር ገባች፤
ከኋላዋ ሌላ፣ ሆዷ ወረቀት፣ ጭራዋ እንደ ሽቦ የቀጠነች።
«ያቺስ?» አልኩ።
እንየው ወደ ዘብ ቤቱ ዳገቱን ጀምሯል፤
«ነገ» አለ። «ዛሬ አንዷን አይተሃል።»